ጥያቄያችሁ ከጤና ኬላው መዝገብ ይነሣ

ልጆቼ፣ በጎጃም ገጠር ጤና ጣቢያዎች ሥራ የጀመራችሁም ሆናችሁ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የምትማሩ፣ ምርምር የመመረቂያ ጽሑፍ ጉዳይ ብቻ መስሎ እንዳይታያችሁ ይህን ልጽፍላችሁ ወደድሁ። በጤና ኬላ የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በእጇ ያለው ጥቂት ነውና፣ ከዚያ ጥቂት ውስጥ የትኛው በእርግጥ እንደሚጠቅም ማወቅ ከማንም ይልቅ እርሷን ያስፈልጋታል።

የእግር ዝሆኔን ነገር ልብ በሉ። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ገበሬ እግሩ ሲያብጥ ሕመሙ እርግማን ወይም የዘር ነው ይባል ነበር፤ በዚህም ልጆቹ ሳይቀሩ ለጋብቻ ይገለሉ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ባደረጉት ጥናት፣ መንሥኤው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው የቀይ አፈር ደቃቅ ቅንጣት በእግር ቆዳ በኩል መግባቱ መሆኑን አመለከቱ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ለበሽታው የሚያጋልጥ የሚወረስ ባሕርይ መኖሩን አሳየ። እንግዲህ ሽማግሌዎቹ በቤተሰብ ይሄዳል ማለታቸው ከንቱ አልነበረም፤ ሕዝብ ያስተዋለውን ሳትመረምሩ አትጣሉ።

ከዚያ በኋላ የቀረው የጤና ኬላው የራሱ ጥያቄ ነበር፦ እግርን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰር፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ ሕመምተኛውን እያንቀጠቀጠ የሚጥለውን ትኩሳትና የእግር መቆጣት ይቀንሳልን? በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 የሚጠጉ ሕሙማን የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሙከራ መልሱን ሰጠ። ሕሙማኑ በዕጣ ተከፍለው ገሚሱ ወዲያውኑ፣ ገሚሱ ከአንድ ዓመት በኋላ እንክብካቤውን አገኙ። በዚያ ዓመት እንክብካቤ ያገኙት በአማካይ 19.4 ጊዜ፣ ተራ የጠበቁት 23.9 ጊዜ ይኸው ሕመም ተነሥቶባቸዋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላችሁ ይሆናል፤ እኔ ግን በእርሻ ወቅት መተኛት ለአራሽ ቤት ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁና ትንሽ አልለውም። ደግሞም 19 ጊዜ አሁንም እጅግ ብዙ ነው፤ እርሱን የሚቀንሰውን መፈለግ የእናንተ ሥራ ነው።

በዚያው በምሥራቅ ጎጃም፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፣ ለዓይን ማዝ (ትራኮማ) በተሰጠው አዚትሮማይሲን በተባለው የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ላይ የተደረገው ጥናትም፣ መድኃኒቱ በተሰጠባቸው መንደሮች የሕፃናት ሞት ዝቅ ብሎ መገኘቱን አሳይቷል፤ ነገሩም በኋላ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ በሰፊው ተፈትኗል። ይህ ሊታይ የቻለው በየቤቱ ያለው ሰው በጥንቃቄ ስለተቆጠረ ነው።

ስለዚህ መዝገባችሁን ለሪፖርት ብቻ አትሙሉ። የትኛው ጎጥ ክትባት እንደሚያቋርጥ፣ የትኛዋ እናት ከመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል በኋላ እንደቀረች ከራሳችሁ ጽሑፍ አንብቡ፤ ምክንያቱን ግን ቤቷ ሄዳችሁ ጠይቋት እንጂ አትገምቱ። ጥናት ስታደርጉም ፈቃዷን በሚገባት ቋንቋ ጠይቁ፤ ውጤቱም የጠበቃችሁት ባይሆን እንኳ፣ ለጽሕፈት ቤቱ ከማቅረባችሁ ጋር መረጃውን ለሰጣችሁ ቀበሌ በስብሰባ ተመልሳችሁ አስረዱ።