ግሊሰሪን እንደ ዘይት ይጠጣል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። የ52 ዓመት ሴት ነኝ፤ የስኳር ሕመም አለብኝ። ሰሞኑን ሳል አላስተኛ ብሎኛል። ጎረቤቴ «ቆዳሽን የምትቀቢውን ግሊሰሪን አንድ ማንኪያ ጠጪው፤ ከኑግ ዘይት አይለይም» አለችኝ። እውነት ሰውነታችን እንደ ዘይት ነው የሚያየው?

መልስ፦ እግዜር ይማርዎት። ከጠርሙሱ ግን እንዳይጠጡ፤ ምክንያቱን እነግርዎታለሁ።

ጎረቤትዎን ያሳሳታቸው የሁለቱም ማሙለጭለጭ ይመስለኛል። እስኪ ውሃ ውስጥ ጠብ ያድርጓቸው። የኑግ ዘይቱ ይንሳፈፋል። ግሊሰሪኑ ይሰምጥና ሲያማስሉት ከውሃው ጋር ይዋሃዳል።

ሆድ ውስጥም ልዩነቱ ከዚሁ ይጀምራል። ዘይት ከውሃ ስለማይስማማ ሥራ ያበዛል። ሐሞት ይበታትነዋል፤ ከቆሽት የሚመጣ ኢንዛይም ይቆራርጠዋል። የአንጀትን ግድግዳ ካለፈ በኋላ መልሶ ይገጣጠምና በሊምፍ ቧንቧ (ከደም ሥር የተለየ የሰውነት ፈሳሽ መተላለፊያ) ዞሮ ደም ውስጥ ይገባል። ሰዓታት ይፈጃል። በጾም ዘይት የበዛበት ወጥ የበላ ሰው ሆዱ ከብዶት የሚውለውም ቅባት ከጨጓራ ቶሎ ስለማይወጣ ነው።

ግሊሰሪን ሐሞት አይጠብቅም። ከትንሹ አንጀት ቶሎ ወደ ደም ያልፋል፤ ከዚያም በአብዛኛው ወደ ጉበት ይሄዳል። ጉበት ወይ ለኃይል ያቃጥለዋል፣ ወይ ወደ ግሉኮስ ይለውጠዋል። ስለዚህ ጠባዩ ለስኳር ይቀርባል፤ ጣዕሙም ጣፋጭ ነው። የደም ስኳርን እንደ ተራ ስኳር ባይሆንም ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ለእርስዎ አይመከርም። 1 ግራም ዘይት 9 ኪሎ ካሎሪ ሲሰጥ ግሊሰሪን 4.3 ያህል ይሰጣል። ሲበዛ ደግሞ ውሃ ስለሚስብ ራስ ምታትና ተቅማጥ ያመጣል።

ጎረቤትዎን ጨርሶ አልኮንንም። ዘይት ራሱ ሦስት የቅባት አሲዶች በአንድ ግሊሰሪን ላይ ተያይዘው የተሠራ ነው። ግን ግሊሰሪኑ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው።

ወደ ጠርሙሱ ልመለስ። ለምግብና ለመድኃኒት የሚውለው ግሊሰሪን ንጽሕናው በተለየ ደረጃ ይመረመራል፤ የመዋቢያው እንደዚያ ላይሆን ይችላል። ዳይኢትሊን ግላይኮል የሚባል መርዝ በመልክም በጣዕምም ግሊሰሪንን ስለሚመስል ሊቀላቀልበት ይችላል፤ ኩላሊት ያበላሻል። በፈረንጆቹ 2022 በጋምቢያ ከ60 በላይ ሕፃናት የሞቱት በዚህና በመሰሉ ኬሚካሎች ከተበከለ ሽሮፕ ጋር በተያያዘ ነው።

ለሳልዎ ለብ ያለ ውሃ ወይም ስኳር የሌለው የዝንጅብል ሻይ ይጠጡ። ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ወይም ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ካለ ጤና ጣቢያ ሄደው አክታዎን ያስመርምሩ። ስኳር ያለበት ሰው ለሳንባ ነቀርሳ የበለጠ ስለሚጋለጥ፣ የስኳር ሕመም እንዳለብዎት ሳይጠየቁ ይንገሯቸው።