መልስ፦ ለትምህርት ቤት መጽሔት ማስታወቂያ ቀብድ ከፍያለሁ፣ ቀሪውን ልላክ?

የትምህርት ቤት ደብዳቤ ይዞ ለመጽሔቱ የማስታወቂያ ገንዘብ ለሚሰበስበው ሰው ቀሪውን 3,000 ብር አትላክ። «ዛሬ ማተሚያ ቤት ይገባል» እያለ የሚያጣድፍህ እንዳታጣራ ነው።

ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ አትደውል፤ የሚያነሳው የራሱ ሰው ሊሆን ይችላል። ሱቅህም ትምህርት ቤቱም እዚያው ደሴ ስለሆኑ በእግርህ ሂድ።

1. የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ለትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ አሳያት። የወጪ ደብዳቤዎች መዝገብ ላይ ከሌለ ነገሩ አለቀ። ማህተሙን አትመን፣ ስካን ተደርጎ ይለጠፋል።

2. ርእሰ መምህሩን «ገንዘብ እንዲሰበስብ ወክላችሁታል?» ብለህ ጠይቅ። ብዙ ነጋዴ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። «ትብብር ይደረግለት» የሚል እውነተኛ ደብዳቤ ይጻፍለታል፤ ይህ ግን ብር የመቀበል ውክልና አይደለም። ትምህርት ቤቱ ስንት እንደተሰበሰበ እንኳ ላያውቅ ይችላል።

3. ውክልናው ቢኖርም በሰውየው ስም አትክፈል። በትምህርት ቤቱ ስም በተከፈተ የባንክ ሂሳብ አስገባ፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነ ሞዴል 64 (የመንግሥት የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ) ይቁረጡልህ። በሱቅ የሚገዛ ተራ ደረሰኝ አትቀበል።

ቀብዱን በቴሌብር ከላክኸው አሁኑኑ ወደ ቴሌብር ደንበኞች አገልግሎት 127 ደውል፣ ከዚያ ፖሊስ ጋ አመልክት። የግብይት ቁጥሩ ያለበትን መልእክት አታጥፋ፣ ሁለቱም የሚጠይቁህ እሱን ነው። ሰውየው ብሩን አውጥቶት ከሆነ ማስመለሱ ከባድ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ሰሞኑን «ከቴሌብር ነው፣ ብርህን እንድንመልስልህ የደረሰህን ኮድ ንገረን» የሚል ሊደውልልህ ይችላል። ኮዱንም የሚስጥር ቁጥርህንም ለማንም አትንገር፤ ስልኩን ዝጋውና ራስህ 127 ደውል።