«ልጄ እንግሊዝኛ ሲባል ታለቅሳለች» ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጅሽ 2ኛ ክፍል ናት። የእንግሊዝኛ ደብተር ሲወጣ ሆዴን አመመኝ ትላለች። ከስዕል በቀር የምትወደው ነገር የለም። ትምህርት ቤቷ ደግሞ ግቢ ውስጥ አማርኛ ያወራን ልጅ ይቀጣል። አስጠኚ ልቅጠርላት ወይስ እኛም ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ እናውራት ነው ያልሽው። ለአሁኑ ሁለቱንም አልመክርሽም። ለምን እንደሆነ ከልጄ ጋር ያየሁትን ልንገርሽ።

የእኔም ልጅ በዚህ ዕድሜ እንደዚሁ ነበር። እሱ የሚወደው አውሮፕላን ነው። በአፍሪካ የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 በ2004 ዓ.ም. የተረከበው የኛ አየር መንገድ መሆኑን ላገኘው ሰው ሁሉ ያወራል። ታዲያ ከየአገሩ የሚመጡ ፓይለቶች ቦሌ ሲደርሱ ከታወር፣ ማለትም በረራውን ከሚመራው የመቆጣጠሪያ ማማ ጋር የሚግባቡት በእንግሊዝኛ መሆኑን ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ እንግሊዝኛው ጉዳዩ ሆነ።

ሳሎን ውስጥ እሱ ታወር፣ እኔና አባቱ አውሮፕላን እንሆናለን። «ተርን ሌፍት» ይለኛል። ከመታጠፌ በፊት የሰማሁትን መልሼ እላለሁ። እውነተኛ ፓይለትም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ትእዛዙን በትክክል መስማቱ እንዲረጋገጥ መልሶ ይናገረዋል። ስለዚህ መደጋገሙ ጥናት አይመስልም። ደግሞም አዛዡ እሱ ነው። ክፍል ውስጥ ሁሌ ተጠያቂ የሆነ ልጅ ቤቱ አዛዥ ሲሆን ፊቱ እንዴት እንደሚፈካ ብታዪ!

ከሁሉ በላይ የጠቀመችን ግን «ሰይ አጌይን» ናት። ፓይለት በደንብ ያልሰማውን ነገር ድገሙልኝ የሚልባት የታወቀች አነጋገር ናት። ስንት ሰው ጭኖ የሚበር ካፒቴን ድገሙልኝ ማለት ካላሳፈረው ልጄን ለምን ያሳፍረዋል? ይህን ሲያውቅ ቀለል አለው። ቁጥሩም እንዲሁ ነው። ሦስትን «ትሪ» እያለ ልጆች ይስቁበት ነበር። ምላስ በጥርስ መሃል ገብቶ የሚወጣው ድምፅ አማርኛ ውስጥ ስለሌለ ልጆቻችን ቢቸገሩ አይገርምም። በአቪዬሽን ሬዲዮ ግን ሦስት በዓለም አቀፍ ደንብ የሚነገረው ልክ እሱ እንዳለው «ትሪ» ተብሎ ነው። ድምፁን በኋላ ቀስ እያለ አስተካከለው። መጀመሪያ ግን ሳይፈራ መናገር ነበረበት።

አንቺ ደግሞ ስዕል አለሽ። እርሳስ አስይዣትና ቀለል ባለ እንግሊዝኛ ንገሪያት፤ እሷ ትሳል። ቤት፣ ከቤቱ አጠገብ ዛፍ፣ ዛፉ ላይ ሁለት ወፍ። አንድም ቃል እንድትናገር አትጠይቂያት። ልጅ የሚናገረው ብዙ ከሰማ በኋላ ነው፤ አማርኛውንም የለመደችው እንደዚያ ነው። ደስ ሲላት ተራ ቀይሩ፤ እሷ ትናገር፣ አንቺ ሳዪ። ዩቲዩብ ላይም አሳሳልን ደረጃ በደረጃ የሚያሳዩ የእንግሊዝኛ ቪዲዮዎች ሞልተዋል። አብረሻት እዪ እንጂ ስልኩን ሰጥተሻት አትሂጂ።

ስትሳሳት መሃል ላይ አታቋርጫት። «አይ ጎ የስተርደይ» ካለችሽ «ኦ፣ ዩ ዌንት የስተርደይ?» ብለሽ ወሬውን ቀጥይ። ትክክለኛውን ሰማች፣ ማንም አልነቀፋትም። በቃ።

ንባብ ሌላ ጣጣ አለው። በአማርኛ ያየሽውን ፊደል ነው የምታነቢው። በእንግሊዝኛ ግን «ናይፍ» ሲጻፍ ፊት ላይ «ኬ» ትቀመጣለች፤ አትነበብም። «ሲ» የምትባለው ፊደል አንዴ «ክ»፣ አንዴ «ስ» ትሆናለች። በፊደላችን ማንበብ የለመደች ልጅ እዚህ ስትደርስ ሰነፍ ነኝ ብላ ልትደመድም ትችላለች። አጻጻፉ ራሱ አስቸጋሪ እንደሆነ፣ የእንግሊዝ አገር ልጆችም እንደሚቸገሩበት ንገሪያት።

ቤት ውስጥ ግን አማርኛችሁን አትተዉ። ተረቱም፣ ቀልዱም፣ ምክሩም በሚቀናችሁ ቋንቋ ይሁን። በአማርኛ በደንብ ማንበብ የቻለ ልጅ ሁለተኛውን ቋንቋ ማንበብ ይቀለዋል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ የ12ኛ ክፍል ፈተናም እንደዚያው፤ ጭንቀትሽ ይገባኛል። እሷ ግን ገና 2ኛ ክፍል ናት፤ ጊዜ አላት።

ስለ ቅጣቱ ዝም አትበይ። አማርኛ በማውራቷ የምትቀጣ ልጅ እንግሊዝኛን ከቅጣት ለይታ ልታየው አትችልም። በልጄ ትምህርት ቤትም ተመሳሳይ ነገር ነበር። ወላጆች ሰብሰብ ብለን መምህራኑን አነጋገርን፤ ተነጋግረውበት ቅጣቱ ቀረ። ብቻሽን ከምትሄጂ ሁለት ሦስት ወላጅ ይዘሽ ሂጂ።

አስጠኚውን ትንሽ ከተረጋጋች በኋላ አስቢበት። ያኔም ወርክሺት የሚያስሞላት ሳይሆን አብሯት ወለል ላይ ቁጭ ብሎ የሚስል ሰው ፈልጊ። ሰፈራችሁን ከነገርሽኝ ከልጆች ጋር ጎበዝ የሆነች አንዲት የማውቃት ልጅ አለች፤ በውስጥ መስመር አገናኝሻለሁ።