ከመፈረማችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

አሜሪካ ልጃቸው ዘንድ ከርመው የተመለሱ አንድ አባት ያጫወቱኝን ላስቀድም። የዓይን ሐኪም ቀጠሮ የያዘ ወረቀት በእንግሊዝኛ ደረሳቸው። የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት በስልኩ አስተረጎመና አነበበላቸው፤ «ቀጠሮዎ ማክሰኞ 9 ሰዓት ላይ ነው»። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ 9 ሰዓትን ከምሳ በኋላ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ማክሰኞ ዕለት ምሳቸውን በልተው፣ ጋቢያቸውን ደርበው የሚወስዳቸውን ሰው ይጠብቁ ጀመር። ቀጠሮው ግን በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር። አልፏል። ሌላ ቀን እስኪሰጣቸው ወራት ጠበቁ።

ትርጉሙን በኋላ አሳዩኝ። አማርኛው ንጹህ ነው፤ አንድ የፊደል ግድፈት የለበትም። እኔን ያስፈራኝም ይኸው ነው። ድሮ ደካማ ትርጉም ገና ሲነበብ ራሱን ያጋልጥ ነበር፤ ቃሉ ይጎረብጣል፣ ዓረፍተ ነገሩ መድረሻ ያጣል። የዛሬው ስሕተት አምሮና ተስተካክሎ ስለሚመጣ ሰው አምኖት ያልፋል።

በትርጉምና በአርትዖት ሥራ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። የጀመርኩት በጽሕፈት መኪና ነው፤ ኢንጂነር አያና ብሩ ለአማርኛ ባበጁት መንገድ በተሠራው። ከ200 በላይ የሆነው ፊደላችን በእነዚያ ጥቂት ቁልፎች ላይ ስለማይበቃ መጀመሪያ ዋናውን ፊደል እንመታለን፤ ቀጥሎ የካዕቡን ወይም የሣልሱን ምልክት ከጎኑ እንለጥፋለን። ፊደሉ ተቆራርጦ የተገጣጠመ መስሎ ነበር የሚወጣው። በዚያ ዘመን የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ ፊደላችን ለመኪናው እንዲመች ይቀነስ፣ ቅርጹም ይለወጥ እያሉ ይከራከሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደሉ ዩኒኮድ 3.0 በተባለው፣ ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ ገባና ኮምፒውተሩ ከነሙሉ መልኩ ተቀበለው። ያን ክርክር ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። እኔ ግን ደጋግሜ አስበዋለሁ። ያኔ ቆርጠን ቢሆን ኖሮ፣ የቆረጥንለት መኪና ዕቃ ቤት ገብቶ አቧራ ሲጠጣ ፊደላችን ጎድሎ ይቀር ነበር። ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጣና ከእንግዲህ ይህን መማር ምን ያደርጋል፣ ያንን ማወቅ ለምኔ ስትሉ ስሰማ ትዝ የሚለኝ ይህ ነው።

ከጽሕፈት መኪና ወደ ኮምፒውተር ለመሻገር የእኔ ትውልድ ረጅም ጊዜ ነበረው። ጉግል ትራንስሌት አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ያኔ ትርጉሙን አንብበን ይህ ለሥራ አይሆንም ብለን ዘጋነው። ቻትጂፒቲ የተባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የወጣው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የእኛ ዘመን ለውጥ አስተማሪ ፈልገን፣ ተሳስተን፣ ታርመን እስክንደርስበት ይጠብቀን ነበር። የእናንተው አይጠብቅም።

ሥራ ይጠፋል የሚለው ስጋት የሚናቅ አይደለም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ጀማሪ የሚማርበት ሥራ መጥፋቱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያሳለፍኩት የጨረታ ማስታወቂያና የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ስተረጉም ነው። አሰልቺ ነበር። አንድ ቀን በውል ትርጉም ላይ «ማስረከብ አለበት» ማለት ሲገባኝ «ማስረከብ ይችላል» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ በቀይ እስክሪብቶ ሦስት ጊዜ አሰመረባትና ጠራኝ። አልተቆጣም። «በዚህች ቃል የተነሳ ሰውዬው ቤቱን ላይረከብ ነው» አለኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ «ይችላል» የሚል ቃል ባየሁ ቁጥር እጄ ይቆማል።

ዛሬ ያ የጨረታ ማስታወቂያ በሰኮንዶች ይተረጎማል። መሥሪያ ቤቱም ጀማሪ ለምን እቀጥራለሁ ይላል። ታዲያ የማሽኑን ስሕተት ለይቶ የሚያወጣው ሰው ከ10 ዓመት በኋላ ከየት ይመጣል? እጁ የሚቆምለት ሰው የሚገኘው ከዚያ አሰልቺ ሥራ ነው። ይህን ለቀጣሪዎችም እላለሁ፤ እየሰሙኝ ከሆነ።

እኔ ዘንድ የሚሠሩ ልጆች የመጀመሪያውን ሰዓት ማሽኑን ሳይከፍቱ ነው የሚሠሩት። ራሳቸው ይተረጉማሉ፤ ከዚያ የማሽኑን ያወጡና ጎን ለጎን አስቀምጠው ያነጻጽራሉ። ማሽኑ የበለጠበትን ይወስዳሉ፤ ብዙ ጊዜም ይበልጣል፣ ይህን መካድ አያስፈልግም። የተሳሳተበትን ደግሞ ለምን እንደተሳሳተ ይጽፋሉ። ማሽኑ አያትን «አንተ» ብሎ ይጠራል፤ እንግሊዝኛው አንቱታ የለውምና። ሐኪሟን ወንድ ያደርጋታል። ለጊዜው ቀርፋፋ መንገድ ነው፤ ግን በሙያችሁ ሁሉ ሞክሩት። ሒሳብ የምትሠሩም፣ ኮድ የምትጽፉም፣ ሕግ የምታጠኑም።

ሌላም ነገር አለ። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎችን ታውቋቸዋላችሁ። ወጣት ሳለሁ ከአንዳቸው አጠገብ ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ አንዲት ሴት መጣች። ባለቤቷን ሽማግሌዎች እንዲመክሩላት የሚጠይቅ ደብዳቤ ነበር የፈለገችው። ጸሐፊው የጽሕፈት መኪናው ላይ ወረቀት ከማስገባቱ በፊት ጭኗ ላይ የያዘችውን ፌስታል አየና «እሱስ ምንድን ነው?» አላት። የቀብድ ውል ነበር። ባሏ የጋራ ቤታቸውን ለመሸጥ ቀብድ ተቀብሏል፤ እሷ ወረቀቱን ይዛ እየዞረች ምን እንደሆነ አታውቅም። ሰውዬው የምክር ደብዳቤውን ትቶ የእግድ ማመልከቻ ጻፈላት። ማሽን ያለችውን ውብ አድርጎ ይጽፍላት ነበር። ፌስታሉን ግን አልነገረችውም፤ መንገር እንዳለባትም አላወቀችም። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ፣ ምን እንደያዘ እያያችሁ መጠየቅን ተማሩ። ይህ ክህሎት በየትም ኮርስ አይሰጥም።

ስለ ማሽኑም አንድ ነገር አስቡ። ከሰማይ አልወረደም። ናይሮቢ ውስጥ ወጣቶች በሰዓት ከ2 ዶላር ባነሰ ክፍያ ቀኑን ሙሉ ጸያፍና ዘግናኝ ጽሑፍ እያነበቡ፣ ማሽኑ እንዲህ ያለውን እንዳይናገር ምልክት ሲያደርጉ እንደነበር እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ተዘግቧል። የዕድሜ እኩዮቻችሁ ናቸው። አማርኛ የሚያውቀውም ሰዎች ጽፈው ኢንተርኔት ላይ ካኖሩት ነው፤ ያ ደግሞ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ስለ እርሻችሁ፣ ስለ ሰፈራችሁ፣ ስለ ሙያችሁ በደንብ አድርጋችሁ ጻፉ።

ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ትርጉም ከሥሩ ፊርማና ማኅተም አለው። ስሕተት ቢገኝበት ዳኛው የሚያስጠራው የፈረመውን ሰው ነው፤ «ማሽኑ ነው» ብዬ የምመልሰው መልስ የለም። በዚህ ምክንያት እኔ ዘንድ ማንም ያላነበበውን አይፈርምም። ባለፈው ሳምንት ከልጆቹ አንዷ የሕክምና ቀጠሮ ስትተረጉም ሰዓቱ ጋ ስትደርስ ቆመች። ማሽኑ «10 ሰዓት» ብሎላታል። ስልክ አንስታ ባለጉዳይዋን «እማማ፣ እርስዎ ሰዓት የሚቆጥሩት በእኛ ነው በፈረንጅ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ከዚያ ቁጥሩን ሰርዛ «ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብላ ጻፈችና ፈረመች።