ዶሮ፣ ፍየል ወይስ ገንዘብ? ለተቸገረ ቤተሰብ ስለሚሰጥ ስጦታ ጥያቄና መልስ

ለተቸገረ ቤተሰብ እንስሳ ወይም ዕቃ ገዝታችሁ ለመስጠት ያሰባችሁ ጥያቄያችሁን ጣሉ፤ በተራ እመልሳለሁ። ዋጋ ብቻ አትጠይቁኝ፤ ከገበያ ገበያ ይለያያል፣ ሳምንትም አይቆይም።

ጥያቄ፦ ጅዳ ነው ያለሁት። ገጠር ላለች የእናቴ ጎረቤት 10 የ45 ቀን ቄብ ላስገዛላት ነው። ሌላ ምን ልጨምር?

መልስ፦ መኖ ጨምሪላት፣ እህቴ። የ45 ቀን ቄብ እንቁላል መጣል የምትጀምረው አምስት ወር ገደማ ሲሆናት ነው። ጎረቤትሽ ከሦስት ወር በላይ አንድ እንቁላል ሳታይ ትቀልባቸዋለች ማለት ነው። አንዷ በቀን ከ60 እስከ 70 ግራም ትበላለች ብንል፣ ለ10 ዶሮ በ100 ቀን ከ60 እስከ 70 ኪሎ ይሆናል። ግቢ ጭረው የሚለቅሙት ሲታከልበት ግማሽ ኩንታል የቄብ መኖ ያደርሳቸዋል። መጣል ሲጀምሩ ደግሞ ሌላ ግማሽ ኩንታል የእንቁላል ጣይ መኖ ይግባላት፤ ከዚያ ወዲያ እንቁላሉ መኖውን ይገዛል። ጣይ ዶሮ በቀን 110 ግራም አካባቢ ስለምትበላ ያ ግማሽ ኩንታል ከወር ተኩል ብዙም አያልፍም።

ሁለቱን መኖ ገና ከመጀመሪያው አንድ ላይ አትግዢ። የጣይ መኖ ካልሲየም የበዛበት ነው፤ ቄብ ከበላችው ኩላሊቷን ይጎዳታል። ከረጢቱም መሬት ላይ እንዳይቀመጥ፣ እንጨት ይነጠፍለት። የሻገተ መኖ ከረሃብ ይከፋል።

ጥያቄ፦ አውራ ዶሮስ? አብሬ ልግዛ?

መልስ፦ ለእንቁላል አውራ አያስፈልግም፤ መኖ ይጨርሳል እንጂ። ግን አንድ ነገር ይታወቅ፤ እንደ ቦቫንስ ያሉት የተሻሻሉ ዝርያዎች አይታቀፉም። ስለዚህ መንጋው ራሱን አይተካም፤ ዓመት ተኩል ከጣሉ በኋላ እንቁላላቸው ይቀንሳል፣ ለምትክ የሚሆን ገንዘብ ከወዲሁ ከእንቁላሉ ሽያጭ እየተቀነሰ መቀመጥ አለበት። ጫጩት ማስፈልፈል ከተፈለገ ግን አንድ አውራና የምትታቀፍ አንዲት የአበሻ ዶሮ ያስፈልጋሉ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድራችን አምና ለሁለት እናቶች 20 ዶሮ ገዝቶ ሰጥቶ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁሉም አለቁ። አንዳንዶቹ አንገታቸው ይጠማዘዝ ነበር። ዘንድሮ ብንደግመው ምን እናድርግ?

መልስ፦ የአንገት መጠማዘዝና የጅምላ ሞት ፈንግል የተባለውን ተላላፊ የዶሮ በሽታ ያስጠረጥራል። አረንጓዴ ተቅማጥና ማቃሰት ከነበረም ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ያለው ክትባት ነው። ብዙ ጊዜ የሚገባው ከገበያ በተገዛች አንዲት ዶሮ ነው፤ በዓል ሲደርስ የሚበረታውም ለዚህ ነው።

ዘንድሮ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን የክትባት መዝገቡን ጠይቁት። ማሬክና ጉምቦሮ የተባሉ ሌሎች የዶሮ በሽታዎችም አሉ፤ የማሬክ ክትባት በተፈለፈሉበት ዕለት፣ የፈንግልና የጉምቦሮ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተሰጥተው መሆን አለባቸው። «ተከትበዋል» የሚል ቃል ብቻ አይበቃም፣ ቀኑ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ በየሦስት አራት ወሩ የፈንግል ክትባት ይደገማል። ዐይን ላይ የሚንጠባጠብ ዓይነት አለ፤ ለአንዲት ዶሮ አንድ ጠብታ ነው። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ መሆኑና ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ ያለበት መሆኑ ነው። ለ10 ዶሮ ብቻ ማንም አይከፍተውም። መንደሩን ሰብስባችሁ በአንድ ጠዋት ሁሉንም አስከትቡ፤ የጎረቤት ዶሮ ካልተከተበች የእናንተም አደጋ ላይ ናት። በውኃ የሚሰጠው ዓይነት ከሆነ ክሎሪን ያለበትን የቧንቧ ውኃ አትጠቀሙ፣ ክትባቱን ይገድለዋል።

ቤቱንም እዩት። ለ10 ዶሮ ሁለት ካሬ ሜትር ወለል፣ ቆጥና ሁለት የእንቁላል መጣያ ሳጥን ይበቃል። በሩ ሌሊት የሚቀረቀር ይሁን፤ ሸለምጥማጥ የጡጫ ስፋት ያላት ቀዳዳ ካገኘች ይበቃታል። ወለሉ ላይ የሚነጠፈው ሰጋቱራ ወይም ገለባ ደረቅ መሆን አለበት። ደም የቀላቀለ ኩስ ካያችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ኮክሲዲዮሲስ የተባለውን የአንጀት በሽታ ነው፤ እሱ ደግሞ እርጥበት ይወዳል።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ሆነን ለአንዲት ባሏ ለሞተባት እናት ፍየል ልንገዛ ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ይሻላል?

መልስ፦ ሁለት ሴት ግዙ። ወጠጤ ከጎረቤት ይገኛል። የምትመረጠው ሁለት ጥርስ የቀየረች ናት፣ ዓመት ከሦስት ወር አካባቢ ትሆናለች። ጡቷን ዳብሱ፤ ሁለቱም ጎን እኩል፣ እብጠት የሌለበት ይሁን። ሆዷ ተነፍቶ ካያችሁ ቸኩላችሁ «ከብዳለች» አትበሉ፤ ጨው አብልቶ ውኃ የሚያጠጣ ነጋዴ አለ። የፍየል እርግዝና አምስት ወር ነው።

ከገበያ የመጣች ፍየል ከሰፈሩ መንጋ ሁለት ሦስት ሳምንት ተለይታ ትቆይ፤ ደስታ መሰል የተባለው ተላላፊ የፍየልና የበግ በሽታ የሚዛመተው በዚህ መንገድ ነው። ክትባቱ አንዴ ከተሰጠ ለዓመታት ይጠብቃል፤ የወረዳውን እንስሳት ጤና ክሊኒክ ጠይቁ። በሁዳዴ ገበያው ይቀዘቅዛልና ዋጋው ይረክሳል፤ ግን ወቅቱ ሣር የሚጠፋበት ነው። ያኔ ከገዛችሁ ድርቆሽ አብራችሁ ግዙ።

ፍየሎቹ በእሷ ስም ይመዝገቡ። በወንድሟ ወይም በአማቷ ስም ከሆኑ የሽያጩ ውሳኔ ከእጇ ይወጣል። የመጀመሪያዋ ሴት ግልገል ለሌላ ችግረኛ እንድትተላለፍ ከፈለጋችሁ፣ ወንድ ብትወለድ ወይም ግልገሏ ብትሞት ምን እንደሚሆን ከመጀመሪያው ተነጋግራችሁ ጻፉት። ጠቡ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ገንዘቡን እንዲሁ ብንሰጥ አይሻልም?

መልስ፦ አንዳንዴ ይሻላል። የሚበላ የሌለው ቤት ፍየሏን በሁለት ወር ውስጥ ይሸጣታል፣ ስንፍና አይደለም። ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገሮች ተካሂዶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። የተሞከረው ነገር እንስሳ ብቻ አልነበረም፤ ለጊዜው የምግብ ድጎማ፣ ሥልጠና፣ የቤት ለቤት ክትትልና ቁጠባ ታክሎበት ነበር። ቤተሰቦቹም ድጋፉ ካለቀ ከዓመት በኋላ የተሻለ ኑሮ ላይ ተገኝተዋል። አቅማችሁ ለሁለት ፍየል ከሆነ አንዷን ብቻ ግዙና የሁለተኛዋን ገንዘብ ለጥቂት ወራት እህል አድርጉት። ሁለት ይሻላል ያልኩት እህል ላለው ቤት ነው።

ጥያቄ፦ የቢሮ ልጆች ለፋሲካ ለአምስት ቤተሰብ ዶሮ ልናከፋፍል ነው።

መልስ፦ ዶሮዋ ብቻዋን ወጥ አትሆንም። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ በርበሬ፣ እንቁላልና ከሰል ካልታከለበት ተቀባይዋ ለሽንኩርቱ ትበደራለች። ሐሙስ አድርሱ፤ ቅዳሜ ማታ የሚደርስ ስጦታ ሽንኩርት እስኪቁላላ ይነጋል።

ጥያቄ፦ እንስሳ ማርባት ለማይችሉ አዛውንትስ?

መልስ፦ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዓመታዊ መዋጮ ክፈሉላቸው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ነው። ለቤተሰቡ በሙሉ የሚከፈል ሲሆን ምዝገባው በብዙ ቦታ ከመኸር በኋላ ነው፤ ካለፈ እስከ ቀጣዩ ዓመት መጠበቅ ይመጣል። ስለዚህ ቀኑን ቀበሌ ጠይቁ። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸፍንም። አዛውንቱ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄደው ሪፈር ካላጻፉ ሆስፒታል ላይ ደብተሩ ላይሠራላቸው ይችላል፤ ይህን ቁጭ ብላችሁ አስረዷቸው።

ጥያቄ፦ ከተማ ተከራይታ ለምትኖር እናት እንጀራ እየጋገረች እንድትሸጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ልገዛላት አስቤያለሁ።

መልስ፦ መጀመሪያ አከራይዋን አነጋግር። ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ በጋራ ቆጣሪ ላይ ወር ሳይሞላ ጠብ ይነሳል። ቀጭን ሽቦ ከሆነም ሶኬቱ ይቀልጣል። አከራይዋ ከፈቀዱ ለብቻው ወፍራም መስመርና ማብሪያ ማጥፊያ አስገባላት፣ የመብራቱን ክፍያም በምን እንደሚካፈሉ ይስማሙ። ካልፈቀዱ የማገዶ ምጣድ፣ ሞሰብና የመጀመሪያውን ጤፍ ግዛላት።