መልስ፦ የሊሊው ብልቃጥ ለምን ሻገተ?

ወንድሜ፣ «ዲቃላ የሊሊ አበባዬን በቲሹ ካልቸር ላባዛ ብል ብልቃጦቹ በሙሉ ሻገቱ፤ በዘር ይሻለኝ ይሆን?» ብለሃል። (ቲሹ ካልቸር ማለት ከተክሉ ትንሽ ቁራጭ ወስዶ፣ ጀርም በሌለው ብልቃጥ ውስጥ በተዘጋጀ ምግብ ላይ ማባዛት ነው።) ዘሩን እርሳው። የዲቃላ ዘር እናቱን አይመስልም፤ አንዳንዱ ዲቃላ ጭራሽ ዘር አይዝም።

ወደ ሻጋታው እንምጣ። የእኔም የመጀመሪያ ዙር በሦስተኛው ቀን ነጭ ጥጥ ለብሶ ነው የተጣለው። ኮረቱ፣ ማለትም ሽንኩርት የሚመስለው የሊሊው ራስ፣ አፈር ውስጥ የኖረ ነው፤ በረኪና ደግሞ ላዩን እንጂ ውስጡን አያጸዳም። ኮረቱን እንደ ነጭ ሽንኩርት ፈልቅቀው። የውጪዎቹን ፍንካቾች ጣልና የውስጦቹን ውሰድ። ግማሽ ሰዓት የቧንቧ ውሃ ይውረድባቸው። ከዚያ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ 30 ሰከንድ፣ ጠብታ የዕቃ ሳሙና በገባበት ብርዝ በረኪና ደግሞ 15 ደቂቃ ይቆዩ። ጀርም በሌለው ውሃ ሦስቴ አለቅልቅ። በረኪናው ያነጣውን ጠርዝ ቆርጠህ ጣል። ከመቀመጫው ጋር የሚያያዘውን የታችኛውን ክፍል ግን እንዳትጥለው! ትንንሾቹ ኮረቶች በብዛት የሚወጡት እዚያ ነው።

ፍንካቾቹ ብልቃጥ ውስጥ የሚያርፉበት ምግብ ላይ የሚገባው ስኳር በሊትር 30 ግራም ይበቃል። ኮረቶቹ እንዲወፍሩ ስትፈልግ ወደ 60 ከፍ አድርገው።

ከብልቃጥ ሲወጡ ቶሎ አትትከላቸው። መጀመሪያ ፍሪጅ ውስጥ፣ 4 ወይም 5 ዲግሪ ላይ፣ ሁለት ወር ያህል ይክረሙ፤ አለዚያ ተኝተው ይቀራሉ። አበባ ለማየት ደግሞ ሁለት ሦስት ዓመት ጠብቅ።

የምትፈልገው አሥር ሃያ ተክል ብቻ ከሆነ ግን ላብራቶሪው ምን ያደርግልሃል? ፍንካቾቹን እርጥብ ቨርሚኩላይት (ውሃ የሚይዝ ቀላል ማዕድን) ካለበት ፌስታል ጨምረህ፣ ትንንሽ ኮረት እንዲያወጡ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጣቸው።