«ለልጆችሽ ስትዪ ቻዪው» ከማለታችን በፊት

ባልና ሚስት ለማስታረቅ ሦስት ሆነን ነበር የሄድነው። ሁለታችን በዕድሜ የገፋን፣ ሦስተኛው ደግሞ ባልየውን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ። እሷ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ማሞቂያው እየሠራ አንገቷን በሻርፕ ጠምጥማለች። ለምን እንደሆነ ማናችንም አልጠየቅናትም። ሁለት ሰዓት ያህል ተወራ፣ ባል ጉልበት ስሞ ይቅርታ ጠየቀ፣ መርቀን ተነሣን። በር ላይ ስንደርስ አንዳችን ዞር ብሎ «ለልጆችሽ ስትዪ ቻዪው» አላት። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ከወራት በኋላ ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። እሷ እንግሊዝኛ አትችልም፤ ፖሊሶቹ የዘጠኝ ዓመት ልጇን «እናትህ ምን ሆነች?» ብለው እንዲያስተረጉም አቆሙት። አባትየው ከኮሪደሩ በአማርኛ፣ ድምፁን እንኳ ሳያነሳ፣ «ደረጃ ላይ ወደቅሁ ትላለች በላቸው» አለ። ልጁ እንደተባለው ተናገረ። ፖሊሶቹ ሄዱ። ያ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፤ ይህን የነገረኝም እሱ ራሱ ነው። ሲነግረኝ አባቱን አልወቀሰም። የወቀሰው ራሱን ነው።

እንግዲህ ይህን የምጽፈው ጻድቅ ሆኜ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር ቆርጫለሁ፤ ዱላ ባለበት ቤት ሽምግልና አልቀመጥም። በገንዘብ ለተጣሉ፣ በዘመድ ለተቀያየሙ፣ ለተኳረፉ እሄዳለሁ። ሽምግልና ሁለቱም ያለ ፍርሃት የልባቸውን መናገር ሲችሉ የሚሠራ ነገር ነው። የተደበደበች ሴት ደብዳቢዋ ፊት ተቀምጣ የምትናገረው እኛ ስንወጣ የሚያስከፍላትን አስልታ ነው። ያን ቀን «አስታረቅን» ብለን የሄድነው እሷ ዝም ስላለች ነበር።

«ለልጆች ሲባል» የሚለውን ደግሞ ልጆቹን ጠይቀን አናውቅም። «ተኝተው ነበር፣ አልሰሙም» እንላለን። ሰምተዋል። ቁልፍ በሩ ውስጥ ሲዞር ብቻ ሰምተው የዛሬው ማታ እንዴት እንደሚሆን የሚያውቁ ልጆች አሉ። በካሊፎርኒያ ከ17 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ስለ ልጅነት መከራ ሲጠይቅ ከዘረዘራቸው ነገሮች አንዱ እናት ስትደበደብ ማየት ነው። መከራው በተደራረበ ቁጥር ሰዎቹ ካደጉ በኋላ የልብ በሽታው፣ ድብርቱ፣ የመጠጥ ሱሱ፣ ራስን የመግደል ሙከራው አብሮ እየጨመረ ተገኘ። ሕጎችም ወደዚሁ እየመጡ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. የ2021ዱ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ ጥቃቱን ያየ ወይም የሰማ ልጅ ራሱ ተጠቂ ነው ይላል። ስዊድን በዚያው ዓመት ልጅን እንዲህ ያለ ነገር እንዲያይ ማድረግን ለብቻው ወንጀል አደረገችው። ትምህርት ቤት የሚማታውን ልጅ አስተማሪው ቶሎ ያየዋል። እኔ የምፈራው ዝም ያለችውን፣ ሁላችን «ጨዋ ልጅ» እያልን የምናመሰግናትን ነው።

ወደ ሻርፑ ልመለስ። አንቆ ይዟት ነበር። በጥፊና በማነቅ መካከል ያለውን ልዩነት እኛ አናውቅም ነበር፤ ስለዚህ እናንተ እወቁት። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው ባሏ ወይም ጓደኛዋ አንድ ጊዜ ያነቃት ሴት በዚያው ሰው እጅ የመገደሏ ዕድል ከሰባት እጥፍ በላይ ከፍ ይላል። ብዙ ጊዜ ቆዳ ላይ ምልክት አይታይም። ድምፅ መጎርነን፣ ለመዋጥ መቸገር፣ ዓይን ውስጥ ቀይ ነጠብጣብ ከታየ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል፤ የአንገት ደም ሥር ተጎድቶ ከቀናት በኋላ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላልና። ለሐኪሙም «ወደቅሁ» ሳይሆን «ታነቅሁ» በሉት።

አሁን ስለ ወረቀት። ብዙዋን ሴት ቤት ውስጥ ያሰራት ዱላው ሳይሆን «ያመጣሁሽ እኔ ነኝ፣ እመልስሻለሁ» የሚለው ቃል ነው። እኔ የምኖረው አሜሪካ ስለሆነ የማውቀውን የአሜሪካውን ልንገራችሁ። ባልሽ ዲቪ ደርሶት አብረሽው የመጣሽ ከሆነ ግሪን ካርዱ የራስሽ ነው። በጋብቻ መጥተሽ የሁለት ዓመት ግሪን ካርድ የያዝሽ ከሆነ፣ ጥቃት መድረሱን አስረድተሽ ያለ እሱ ፊርማ ብቻሽን ማመልከት ትችያለሽ። ወረቀት ገና ያልወጣልሽ ከሆነና ባልሽ ሲቲዝን ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከሆነ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በሚመለከተው ሕግ፣ ፎርም አይ-360 ሞልተሽ በራስሽ ስም ታመለክቻለሽ። ኢሚግሬሽን ለባልሽ እንዳይናገር ሕግ ይከለክለዋል። የፖሊስ ሪፖርት ከሌለሽም ሌላ ተአማኒ ማስረጃ ይታያል። ተፋተሽ ከሆነ ግን ሁለት ዓመት ሳያልፍ ነው፤ እዚህ ላይ እንዳትዘናጊ። ሕጉ ለወንዶችም ይሠራል፤ ዕድሜው 21 የሞላ ሲቲዝን ልጅ ለሚያሰቃያቸው ወላጆችም እንዲሁ። ዝርዝሩን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይንገርሽ፣ «ፎርም እሞላለሁ» የሚል ሰው አይደለም። ሌላ አገር ያላችሁም ተመሳሳይ መንገድ መኖሩን ጠይቁ፤ ለምሳሌ ካናዳ ስፖንሰር የተደረገችን ሚስት ሁለት ዓመት ከባሏ ጋር እንድትኖር ያስገድድ የነበረውን ደንብ እ.ኤ.አ. በ2017 ሰርዛለች።

ለአንተ ለወንድሜም ቃል አለኝ። «እኛ አገር ያለ ነው» አትበለኝ። እኛ አገርም ሕጉ አይፈቅድም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት በስሙ ጠርቶ ይቀጣል። ልማዱ ግን አለ፣ አልክድህም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ባል ሚስቱን ቢመታ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች 28 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩን መጀመሪያ ሳየው ተገልብጦ የተጻፈ መስሎኝ ነበር። «ራሳቸው ሴቶቹ ያምኑበታል» ብለህ እንዳትጽናና፤ ከሕፃንነቷ ቻዪው የተባለች ሴት ሌላ ምን ትመልስ? ደግሞም ሲቲዝን ካልሆንክ በቤት ውስጥ ጥቃት መፈረድህ ግሪን ካርድ ይዘህም ከአሜሪካ ሊያስባርርህ ይችላል። «ባሏን አሳሰረች» የምንላት ሴት ያንን አላመጣችብህም። እጅህ እየተነሣ ከሆነ ዛሬ ለሐኪምህ ንገር፤ ለደብዳቢዎች የተዘጋጀ ትምህርት አለ፣ ሳይፈረድብህም መግባት ትችላለህ።

«ባሏን አሳሰረች» የሚለው ወሬ የሚያደርሰውን ደግሞ አይቻለሁ። ሴትየዋ ከምእመኑ መካከል ትጠፋለች፣ ልጆቿም አብረው። ወሬውን የሰሙት ሌሎች አምስት ስድስት ሴቶች የየራሳቸውን ጉድ አፍነው ይቀመጣሉ። እኛ «ቤት አዳንን» እንላለን። ሌላ ብዙ ሽማግሌ የማያውቀው ነገር አለ፤ ፍርድ ቤት ባልየውን «አትገናኛት» ብሎ ካዘዘ፣ እኛ ይዘንላት የምንሄደው «ይቅር በይኝ ብሏል» የሚል መልእክት ራሱ ትእዛዙን እንደ መጣስ ሊቆጠርበትና ሊያሳስረው ይችላል። ስለዚህ መልእክት አትቀበሉ።

እህቴ፣ እንግሊዝኛ አልችልም ብለሽ አትቅሪ። አሜሪካ ውስጥ ወደ ድንገተኛ አደጋ ጥሪው 911 ስትደውዪ «አማርኛ» የሚለውን በእነሱ አጠራር «አምሃሪክ» በያቸው፤ አስተርጓሚ በስልክ ያስገባሉ። ልጅሽ እንዲያስተረጉም አትፍቀጂ። ቀጠሮ ላይ የመጣው አስተርጓሚ ከምታውቂያቸው ሰዎች አንዱ ከሆነ ሌላ እንዲመጣ ጠይቂ፣ አያስቀይምም። ብሔራዊው የቤት ውስጥ ጥቃት መስመር 1-800-799-7233 ነው፤ ሌሊትም ቀንም ይሠራል፣ በአስተርጓሚ። የምትደውዪበት ስልክ ባልሽ በሚያየው አካውንት ውስጥ ከሆነ ግን ከሥራ ወይም ከታመነ ሰው ስልክ ደውዪ። ለመውጣት ስታስቢም ለብቻሽ በድንገት አትውጪ፤ አደጋው የሚብሰው ሴትየዋ ልትለየው መሆኑን ሲያውቅ ነው። ፓስፖርት፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ ግሪን ካርድ፣ መድኃኒት፤ ኮፒው እንኳ ቢሆን አስቀድሞ ከቤት ውጭ ይቀመጥ።

እኔ አሁንም ይደወልልኛል። ባል ሲደውል «አስታርቁን» ይላል፤ የምመልሰውን ያውቃል። ሴት ስትደውል መጀመሪያ የምጠይቃት «አሁን ብቻሽን ነሽ?» ብዬ ነው። ካልሆነች ስለ አየሩ እናወራለን፣ እስቃለሁ፣ ሰላምታ ለቤተሰቡ እልካለሁ። ከዚያ «መቼ ልደውልልሽ?» እላታለሁ።